አንድ ምዕራፍ በምርቃት

እናቴ ወረቀት የምትገዛው በኪሎ ነው። ምን እንደተጻፈበት ግድ የላትም፤ ንጹሕ ይሁን፣ ቀለሙ እርዱ ላይ አይልቀቅ እንጂ። ያረጀ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የፈተና ወረቀት፣ የሰርግ መጥሪያ ሳይቀር ጥቁር አዝሙድ ጠቅልለንበታል። ፌስታል ይከለከላል ከተባለ ወዲህማ መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ውስጥ ወረቀት ከቅመሙ እኩል መወደድ ጀምሯል።

አንድ ቀን ወረቀት አቅራቢያችን ጋሼ ፍስሐ ትልልቅ እሽጎች አሸክመው መጡ። ፈታኋቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት መጽሐፍ ነው፣ አዲስ፣ ተገልጦ የማያውቅ። ሽፋኑ «የሱቁ ቁልፍ፣ ለወጣቶች የተጻፈ ልብ ወለድ፣ ደራሲ አዲስዓለም ጴጥሮስ» ይላል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ መጽሐፍ ነው» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ያልተነበበ መጽሐፍ ያው ወረቀት ነው» አሉኝ።

ተናደድኩ። ተናድጄ አንዱን አነሳሁና ከበርበሬ ጆንያው ጀርባ ተቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ።

ትምህርት ቤት ያስነበቡን ልብ ወለዶች ከመወለዴ በፊት ስለነበረ ዘመን ናቸው። ጥሩ ናቸው፣ አከብራለሁ። ግን እዚያ ውስጥ ማንም ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ስልኩ ቻርጅ አልቆበት አያውቅም። የዚህ መጽሐፍ ልጅ ወርቅዬ ትባላለች፤ ተክለ ሃይማኖት ነው የምትኖረው፣ ስሜ የአሮጊት ስም ነው ብላ ታፍራለች፣ ለጓደኛዋ ቴክስት ጽፋ ጽፋ ሳትልከው ታጠፋዋለች። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ወርቅዬ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አምጥታለች። ጨርቅ ነጋዴዋ እናቷ ደግሞ የሱቁን ቁልፍ ሰጥታታለች። መጽሐፉ የሚያልቀው ልጅቷ ቁልፉን ይዛ፣ እናቷ በር ላይ ቆማ፣ «እማዬ» ብላ አፏን ስትከፍት ነው። ከሥሩ «የመጀመሪያው መጽሐፍ ተፈጸመ» የሚል አለበት።

መጽሐፉን ጆንያው ላይ ወረወርኩት። ቆይቼ አነሳሁና አቧራውን ጠረግኩለት።

እንዲህ ያበገነኝ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እኔም ፈተናውን አልፌያለሁ። ውጤቴ የመጣ ዕለት እማ እልል ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ ተምር አከፋፈለች፤ ብዙም ሳትቆይ የሱቁን ታፔላ አስቀየረች። «መሊካና ልጇ ማሂራ ቅመማ ቅመም» ይላል፣ በቀይ ቀለም። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ይህን ሱቅ ብቻዋን ታግላ ያቆየችው ለእኔ ነው፤ ይህን የማያውቅ ነጋዴ በረንዳው ላይ የለም። እንዲህ ላለች እናት «መሄድ እፈልጋለሁ፣ መማር እፈልጋለሁ» ተብሎ እንዴት ይነገራል? በየት በኩል ይጀመራል? ወርቅዬ ያለችውን ባውቅ እኔም ያንኑ እል ነበር። የመግቢያው ቀን ደግሞ እየደረሰ ነው።

የጀርባው ሽፋን ላይ የደራሲዋ ስልክ ቁጥር አለ። ደወልኩ።

«ሃሎ፣ ማሂራ እባላለሁ፤ ደራሲ አዲስዓለም ነዎት?»

ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። «እንደሱ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም። አስተማሪ ነኝ። ደግሞ አንቺ በይኝ።»

«ሁለተኛው መጽሐፍ መቼ ነው የሚወጣው?»

«አይወጣም። የመጀመሪያውን ማን ገዛውና? አልጋዬ ሥር አስቀምጬው አስቀምጬው፣ በመጨረሻ ለወረቀት ነጋዴ በኪሎ ሸጥኩት። ሁለተኛውንም ጀምሬ ተውኩት። አንቺ ከየት አገኘሽው?»

«መርካቶ» አልኳት። የቀረውን ዋጥኩት።

«አንድ ሰው እንኳን ስላነበበው ደስ ብሎኛል» አለችና ልትዘጋው ስትል፣

«አንድ አይደለንም!» ብዬ ጮህኩ። «ቅዳሜ በርበሬ በረንዳ ነይና በዓይንሽ እዪ!»

ውሸቴን አልነበረም። ነገሩን የጀመሩት እትዬ አስናቀች ናቸው። እትዬ አስናቀች ተክለ ሃይማኖት ምግብ ቤት ያላቸው የጎጃም ሴት ናቸው፤ ምላሳቸው ከእኛ ሚጥሚጣ ይብሳል። እማ ኮረሪማቸውን በመጀመሪያው ምዕራፍ ጠቅልላ ሰጠቻቸው፣ ታክሲ ሲጠብቁ አነበቡት፣ በማግስቱ ተመልሰው መጡ። ኮረሪማው ገና አላለቀም። «ቀጣዩን ስጪኝ» አሉ። እማ ነጋዴ ናት፣ ወዲያው ገባት። መርካቶ ውስጥ ገዥ ከከፈለ በኋላ «ምርቃት የለውም?» ማለቱ አይቀርም፤ ሻጭም ቆንጠር አድርጎ ይጨምርለታል። እማ ከዚያን ቀን ወዲህ ቅመም መመረቋን ትታ ምዕራፍ መመረቅ ያዘች። መጽሐፉን በየምዕራፉ ትቀድዳለች፤ ለአንድ ገዥ፣ አንድ ምዕራፍ። «ሁለት አድርጊልኝ» የሚላት ሲመጣ፣ «ሁለት ከሰጠሁህ መቼ ትመለሳለህ?» ትላለች።

ቅዳሜ አዲስዓለም መጣች። ደራሲ ሲባል እኔ የሚመጣብኝ ሽበትና ከዘራ ነበር። የመጣችው ግን ቦርሳ በጀርባዋ ያነገተች፣ በርበሬው አሥሬ የሚያስነጥሳት፣ ታላቅ እህቴ ልትሆን የምትችል ቀጭን ሴት ናት። ልቀበላት ስጣደፍ ዓይኗ እማ ላይ አረፈ። እማ አዲስ መጽሐፍ አንስታ፣ ጉልበቷ ላይ ወደ ኋላ ቀልብሳ፣ አንዱን ምዕራፍ ጨርር አድርጋ ቀደደችው። አዲስዓለም የራሷን ክንድ ያዘች።

«ይሄን ልታሳዪኝ ነው የጠራሽኝ?» አለችኝ። እንባዋ መጣ። ዞራ መሄድ ጀመረች። በቃ፣ ወርቅዬ ቁልፉን እንደያዘች ልትቀር ነው፣ እኔም እንደዚያው አልኩ በልቤ።

ያስቆሟት እትዬ አስናቀች ናቸው። መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ ትልቅ ዘንቢል ይዘው ፊት ለፊት ሲመጡባት ወደ ሱቁ ተመልሳ ከማሳለፍ በቀር ምርጫ አልነበራትም።

«መሊካ!» አሉ ገና ሳይደርሱ። «በሥላሴ፣ እንዲህ ይደረጋል? ሰባተኛውን ዘለሽ ስምንተኛውን ሰጠሽኝ! ልጅቷ ማንን ሰድባ ነው የምታለቅሰው? ሳወጣ ሳወርድ ወጥ አሳረርኩ!»

«ተሳስቼ ነው። ይኸው፣ ሰባተኛውን ላንቺ ነው የቀደድኩት» አለች እማ።

እትዬ አስናቀች ወረቀቱን ነጠቋት። «ለነገሩ ጥፋቱ የእናትየዋ ነው። ጨካኝ ናት።»

እማ ሚዛኑን አስቀመጠች። «ማን? እናትየዋ? ወላሂ አታፍሪም? ብቻዋን ያሳደገች ሴት እኮ ናት! ቁልፍ ሰጠቻት እንጂ በሰንሰለት አላሰረቻትም።»

እማ ራሷ ማንበቧን ያኔ ነው ያወቅኩት።

«ያልፈለጉት ቁልፍ ያው ሰንሰለት ነው» አሉ እትዬ አስናቀች።

ከጎናችን ዝንጅብል የሚሸጠው አብደላ አንገቱን ብቅ አደረገ። «ጥፋተኛዋ ልጅቷ ናት። አፍ የላትም? አትናገርም እንዴ?»

ይቺ ቃል ጎኔን ወጋችኝ። አዲስዓለም ግን እንባዋን መጥረግ ረስታ አንዴ እማን፣ አንዴ አብደላን ታያለች። «ሁሉም አንብበውታል?» አለችኝ በሹክሹክታ።

አላስቻለኝም። «እማ፣ የጻፈችው እሷ ናት።»

እማ አዲስዓለምን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። መጽሐፏን ስለቀደደችባት ይቅርታ ትላለች ብዬ ነበር። እናቴን ረስቻታለሁ።

«አንቺ ነሽ ግማሽ ጭነት አራግፈሽ የጠፋሽው?» አለቻት። «ደንበኛ ያስለመድኩት በአንቺ ዕቃ ነው! የቀረው የት አለ?»

አዲስዓለም ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነ። ዱካ ሰጠናት፣ ተቀመጠች።

«የቀረው አልተጻፈም» አለች። «አንባቢ ስላጣሁ ብቻ አይደለም። ወርቅዬ ‹እማዬ› ካለች በኋላ ምን እንደምትል አላውቅም። ደጋግሜ ጻፍኩት፤ ሁሉም ክፍል ውስጥ የምናገረውን ይመስልብኛል።» ወደ እኔ ዞረች። «ማሂራ፣ አንቺ በዕድሜ ትቀርቢያታለሽ። ምን የምትል ይመስልሻል?»

የእኔን ነገር ምንም አታውቅም። ታፔላውን እንኳን ቀና ብላ አላየችውም። እማ እርድ እየመዘነች ነው።

«እማዬ ትላለች» አልኩ። «እማዬ፣ ሱቁን ጠልቼው አይደለም። አንቺን ጥዬሽ መሄዴም አይደለም። ግን አሁን ካልሄድኩ እዚህ ቁጭ ብዬ ልቀየምሽ ነው፤ አንቺን መቀየም ደግሞ አልፈልግም። መማር እፈልጋለሁ…» ድምፄ ተሰበረ። «ትላለች ወርቅዬ።»

እትዬ አስናቀች ወረቀታቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው እኔን ያዩኛል። ገብቷቸዋል። እማም ገብቷታል፤ እናቴ ሞኝ አይደለችም። እርዱን ከሚዛኑ ወደ ጆንያው ገለበጠችው፣ መልሳ ዘገነችው፣ እንደገና ገለበጠችው።

«ጻፊ» አለች በመጨረሻ ለአዲስዓለም፣ እኔን ሳታይ።

አዲስዓለም ስልኳን አወጣች።

«እናትየዋ ትቆጣለች። ወዲያው እሺ አትልም፤ እሺ አለች ብለሽ ከጻፍሽ ማንም አያምንሽም። ታኮርፋለች፣ ምግብም አትበላም።» ጉሮሮዋን ጠረገች። «ከዚያ ሱቁ ላይ ሰው ትቀጥራለች። ምን ታደርጋለች ታዲያ? ልጇ አይደለች እንዴ!»

እኔ ማልቀስ ጀምሬያለሁ። አዲስዓለም በሁለት አውራ ጣቶቿ እየተጣደፈች ትጽፋለች።

«ጨረስሽ?» አለቻት እማ።

«ጨርሻለሁ፣ እትዬ መሊካ።»

«አልጨረስሽም። ልጅቷ ስትሄድ እናቷ ያዘጋጀችላትን በርበሬ ይዛ ትሂድ። ሰው አገር ሄዳ የሰው በርበሬ እንዳትበላ፣ እሱንም ጻፊው።»

«የወርቅዬ እናት እኮ ጨርቅ ነጋዴ ናት» አሉ እትዬ አስናቀች ቀስ ብለው።

«ትግዛላታ!» አለች እማ፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች። «ከእኔ ትግዛላት!»