የማያምነው ሰው ኑዛዜ

ደጅይጥኑ ካሤ በጋዝጊብላ ገጠር ጤና ኬላ ዐሥር ዓመት በጤና ረዳትነት ሲያገለግል አንድ ቀን እንኳ ቤተ ክርስቲያን ረግጦ አያውቅም። በወጣትነቱ፣ በደርግ ጊዜ፣ እግዜር የለም ብሎ ነበር፤ ደርግ ወድቆም እሱ ቃሉን አልለወጠም። አገሬው ይህን እያወቀ፣ እጁ መልካም ነውና «ዶክተር» እያለ ያከብረዋል።

በ1993 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ አመተ ማርያም የስድስት ዓመት ልጇን ዮርዳኖስን አዝላ መጣች። ባሏ ባድመ ቀርቷል፤ ከዚህች ልጅ ሌላ የላትም። ልጅቱ በትኩሳት ትነድዳለች፤ ራሴን ራሴን ትላለች። ደጅይጥኑ ከታመመች ስንት ቀኗ እንደሆነ ጠየቀ። አራት ቀን ሆኗታል፤ ሦስቱን ጸበል ስታስጠምቃት ነው የቆየችው።

ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሳችሁ ልጆቻችሁን ትገድሉና ከዚያ በኋላ እኔ ዘንድ ትመጣላችሁ ብሎ ወረደባት። እሷ መሬት መሬት እያየች ሰማችው። ቁጣውን ሲጨርስ የትኩሳት ክኒን ሰጥቶ ሰደዳት። ልጅቱን በእጁ አልዳሰሳትም።

ዮርዳኖስ ሰኞ ንጋት ላይ ሞተች። ከቀብር መልስ ጎረቤቶቿ፣ አንገቷ ወደ ኋላ ተገትሮ እንዴት እንደተሠቃየች ሲያወሩ ደጅይጥኑ ሰማ። ማጅራት ገትር ነበር። አንገቷን ጎንበስ ሊያደርገው ቢሞክር ኖሮ ያውቀው ነበር። የበሽታው መርፌም መደርደሪያው ላይ ነበረ።

ለቅሶ ቤት ሲገባ አመተ ማርያም እህል አልቀምስ ብላለች። ሰባቱን ቀን ሳታስጨርስ ልጇን ከጸበሉ በማውጣቷ እግዜር እንደተቀየማት፣ ልጇን የገደለቻት ራሷ እንደሆነች እየተናገረች ደረቷን ትደቃለች። የአጥቢያው ቄስ መምሬ ገብረ አምላክ እግዜር አልተቀየመሽም ቢሏት አልሰማቻቸውም። ደጅይጥኑ መቀመጥ አልቻለም። መምሬን ደጅ ጠርቶ ሁሉንም ነገራቸው።

መምሬ ለሴትየዋ እንዳይነግራት መከሩት፤ ወንድሟ ይስማው መሣሪያ ያለው፣ ቁጡ ሰው ነው። እግዜር እንዳልተቀየማት እሳቸው ደግመው ያስረዷታል።

«ሲያስረዷት ነበርኩ። አልሰማችዎትም» አለ ደጅይጥኑ።

«ንስሐ ከፈለግህ እኔ አለሁልህ።»

«እኔ የበደልኩት እሷን ነው፤ እርስዎ ምን ብለው ይፈቱኛል?»

በማግስቱ አመተ ማርያምና ይስማው ባሉበት ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ይስማው ብድግ ሲል እኅቱ ክንዱን ያዘችው።

«ብትዳስሳት ትድን ነበር?» አለችው። እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የምትለው።

«ሳትድን አትቀርም ነበር።»

ሌላ አልጠየቀችውም። የዚያን ዕለት እህል ቀመሰች።

ደጅይጥኑ ጥፋቱን ጽፎ ለአለቆቹ ላከ። ማስጠንቀቂያ ሰጡት፤ የሚተካው ሰው ስለጠፋ ግን እዚያው ተዉት። ሽማግሌዎችም ሆን ብለህ እንዳላደረግኸው በመስቀል ማልና ነገሩ ይብረድ አሉት። በማላምንበት ብምል ውሸት ነው ብሎ እምቢ አለ። ይስማው ትክ ብሎ አየው፤ ከመሐላው ይልቅ እምቢታውን አመነውና መሣሪያውን አንግቦ ወደ ቤቱ ሄደ።

ፋሲካ አለፈ። መምሬ ጤና ኬላው ድረስ መጥተው አመተ ማርያም ማዕተቧን እንደበጠሰች፣ ቤተ ክርስቲያንም መሳለም እንደተወች ነገሩት። አልተቆጡትም፤ ድምፃቸው ደክሞ ነበር። ሰው ሁሉ እንዲህ ቢሆን ብሎ ሲመኝ የኖረው ደጅይጥኑ በነጋታው ደጇ ሄዶ ቆመ። ማሽላ እየለቀመች ነበር።

«በእኔ ምክንያት ከሆነ የቀረሽው፣ ተመለሺ» አላት።

ቀና አላለችም። «እግዜር ወሰዳት ስል የምጮህበት ነበረኝ። አሁን ያለኸኝ አንተ ነህ። ባንተ ላይ ጮኼ ምን ላገኝ?»

ፀሐይ እስክትከር ቆሞ ተመለሰ።

በግንቦት ቤቷን ዘግታ ኒሯቅ ወዳለች እኅቷ ሄደች። ስታልፍ መምሬና ደጅይጥኑ መንገድ ዳር አብረው ቆመው ነበር። ለሁለቱም ሰላምታ አልሰጠችም።