ከሁሉ በታች የተጫነው ቡታጋዝ

ሰውየው ዕድሜውን የጨረሰው መጋዘን ውስጥ ነው፤ ጭነት ሲያስጭን፣ ሲያስወርድ፣ ሲያስር። እሱ ያሰረው ጭነት መንገድ ላይ ላላ ተብሎ አያውቅምና ጓደኞቹ «ቋጠሮ» አሉት። ጡረታ ሲወጣ መጋዘኑ ቀረ እንጂ ስሙ አልቀረም። ሚስቱም ደስ ሲላት «አንተ ቋጠሮ» ትለዋለች፤ ሲከፋት «አንተ ሰውዬ»።

ሚስቱ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ ነበረች። እዚያ ለበሽተኛ፣ እቤት ለእሱና ለልጇ ስታበስል ኖራ፣ በዚህ ዓመት እሷም ሽርጧን ሰቀለች። እግሮቿ ቀን ቆማ ከዋለች በኋላ ያብጣሉ። ጸጉር ሠሪዋ ልጃቸው የእናቷን እግር ባየች ቁጥር ሆዷ ይባባል።

«በቃ፣ ባሕር እንሂድ» አለች አንድ ቀን። «ባሌ መኪና ይዋሳል። ክፍል እንከራያለን። አየር ትለውጪያለሽ።»

«ባሕሩ ይቅርብኝ» አለች እናት። «እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ምግብ ቤት ገብቼ፣ ወንበር ስቤ ልቀመጥ። ሌላ ሰው ያበሰለውን ሌላ ሰው ያቅርብልኝ። ሳህን ሳላነሳ ተነስቼ ልውጣ። አንዴ ብቻ።»

ቋጠሮ ይህን ሰምቷል፤ ግን በአንድ ጆሮው ነው። ሚስቱ ለጉዞው ሰማያዊ ቀሚስ ማሰፋቷንም ያውቃል። ለምን እንደሆነ አልጠየቀም።

የመሄጃው ዋዜማ ሻንጣዎቹ ሳሎን ውስጥ ተደርድረው ሲያይ አላስችለው አለ። ሚስቱ ሱቅ ወጣ ባለችበት ሰዓት ሴቶቹ የሸከፉትን ሁሉ መዘርገፍ ጀመረ።

«ኧረ አባዬ፣ ተው! ከጠዋት ጀምሮ ስንሸክፍ ነው የዋልነው» አለች ልጁ።

«ይሄ መሸከፍ ነው? ይሄ መወርወር ነው። የከበደ ከታች። ፈሳሽ ነገር ለብቻው ቆሞ። ፎጣ አይታጠፍም፣ ይጠቀለላል። ጫማ ውስጥ ካልሲ ጠቅጥቂ፤ ባዶ ጫማ መጫን አየር መጫን ነው። ደግሞ ይሄን ስሚኝ፤ ቀድሞ የሚፈለግ ዕቃ መጨረሻ ይጫናል። ከሁሉ በታች የሚገባው የማይፈለገው ነው።»

የልጁ ባል የታክሲ ሹፌር ነው፤ ነገር ማጣፈጥ ይወዳል። «አባባ፣ ባሕር ነው የምንሄደው ወይስ ቤት እየለቀቅን ነው?» አለ።

«አንተ መሪህን ያዝ።»

የሚስቱን ሻንጣ ሲከፍት ከሁሉ በታች ሰማያዊውን ቀሚስ አገኘ። ተዘርግቶ ተነጥፏል። ከጎኑ አዲስ ጫማ ከእነካርቶኑ አለ። እሷ እንዳይጨማደድባት ብላ ነበር ከታች ያነጠፈችው። እሱ ግን በመጋዘን ዓይኑ አየው። ከታች ያለ የማይፈለግ ነው፤ ቦታ መሙያ ነው። ቀሚሱን አራግፎ ቁምሳጥን ውስጥ ሰቀለው፤ ጫማውን ከሥሩ አኖረለት። የቀረውን ልብሷን ጠቅልሎ የራሱ ሻንጣ ውስጥ ከተተው። ባዶ በቀረው ሻንጣ ትንሿን ቡታጋዝ፣ ሁለት ድስት፣ ሩዝ፣ ምስር፣ ዘይትና ሽንኩርት ደረደረበት። ልክክ አለለት። ሰው ልጅ ሲወለድለት እንደሚደሰተው ተደሰተና ዚፑን ዘጋው።

መንገዱ ረጅም ነበር። ሙቀቱ መቀመጫው ላይ አጣብቆ አደረሳቸው። የተከራዩት ሁለት ክፍል ነው፤ ወለሉ አሸዋ አለው፣ የጣሪያው ማራገቢያ ሲዞር እየተወላገደ ነው፣ ከዕቃ ማጠቢያው በላይ ያለችው መስኮት ወደ ውኃው ታያለች። ከመስኮቱ በታች፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ባሕሩን ታክኮ ምግብ ቤት አለ። የጠረጴዛ ልብሶቹ በነፋሱ ሲገለቡ ከክፍሉ ይታያሉ።

ሚስቱ ሻንጣዋን አልጋ ላይ አውጥታ ከፈተች። ቡታጋዙን አየች። ሽንኩርቱን አነሳችና ከሥሩ አየች፤ ምስሩን አነሳችና ከሥሩ አየች። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ቀሚሷስ?» አለች ልጅቱ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ቁምሳጥን ውስጥ ነው። አልተጨማደደም።»

«ቁምሳጥን ውስጥ! የቱ ቁምሳጥን?»

«እቤት ያለው ነዋ።»

ልጅቱ አፏን ልትከፍት ስትል እናትየው እጇን አወዛወዘች። «ተዪው። ተዪው ልጄ። ደክሞኛል።» ተነሳችና ድስቱን አወጣች።

እንዲህ ተጀመረ፤ እንዲሁ ቀጠለ። የመጣው ምግብ መበላት አለበት፤ ሽንኩርቱ በሙቀቱ ሊበላሽ ነው፤ ቡታጋዙም አለ። ጠዋት እንቁላል፣ ቀን ሩዝ፣ ማታ ምስር። እሷ በቤት ቀሚሷ ቆማ ታበስላለች፤ ላቧ በአገጯ ይወርዳል። ሌሎቹ ከውኃው ሲመለሱ አሸዋቸውን እያራገፉ ይገባሉ፤ ይበላሉ፤ ይተኛሉ። እሷ ታጥባለች።

ልጅቱ አንድ ቀን፣ «እማዬ፣ ዛሬ ምሳ ሁላችንም ምግብ ቤት እንብላ» አለች።

«እናንተ ሂዱ። እኔ በዚህ የቤት ቀሚስ ሰው ፊት አልቀመጥም። አብሳይ መስያቸው ወደ ጓዳ ይመሩኛል።»

ስቃ ነው ያለችው። ቢሆንም ማንም አልሳቀም። ልጅቱና ባሏ ትንሿን ልጃቸውን ይዘው ሄዱ። ሚስት ለቋጠሮ ሩዝ አቀረበችለት። ቀመሰና፣ ለዘመናት እንደለመደው፣ «ጨው አንሶታል» አለ። እሷ እየተቀመጠች ነበር። ሳትቀመጥ ተመለሰችና ጨው አመጣች።

እሱ በላ። ሲበላ ቀና ብሎ አያት። ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆማለች። ግንባሯን የግድግዳው ሳጥን ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ቧንቧው ይፈሳል። መስኮቱ ክፍት ነው። ከማዶ ሰው ይስቃል፣ ሹካ ይንኳኳል። ሳህኑን ገፋ አደረገው። ምን እንደሆነ ግን ገና ልብ አላለውም።

የመጨረሻው ቀን ዋዜማ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ጋደም ብሎ ነበር። ሚስቱና የልጅ ልጁ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሩዝ ይለቅማሉ። ተኝቷል ብለው ነው የሚያወሩት።

«እማማ፣ ሰማያዊው ቀሚስሽ ኪስ አለው?»

«የለውም።»

«ለምን?»

«ልብስ ሰፊዋም ጠይቃኛለች። አልፈልግም አልኳት። ኪስ ያለው ሽርጥ ነው። ኪስ ካለ ማንኪያ ይገባበታል፣ ክብሪት ይገባበታል፣ የእጅ ጨርቅ ይገባበታል። እኔ እሱን የምለብሰው ተቀምጬ ለመብላት ነው። ተቀምጦ ለሚበላ ሰው ኪስ ምን ያደርግለታል?»

«ታዲያ ለምን ትተሽው መጣሽ?»

እሷ አንድ ጠጠር ለቅማ ወረወረች።

«አልተጫነልኝም» አለች።

ቋጠሮ ዓይኑን አልገለጠም። ዕድሜ ልኩን የሰው ጭነት አስሯል፤ የሸቀጥ ወረቀት ሳያነብ ሣጥን አንስቶ በክብደቱ ብቻ ምን እንዳለበት ያውቅ ነበር። የሚስቱን ቀሚስ በእጁ ይዞት ነበር። ምንም አልከበደውም ነበር። ይቅርታ መጠየቅ የሚያውቅበት ሰው አይደለም፤ ቃሉ አፉ ውስጥ ቢገባም መውጫው ይጠፋዋል። ጋደም እንዳለ አመሸ።

በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ የልጅ ልጇን ይዛ እግሯን ውኃ ልታስነካ ወረደች። ከሰዓት በኋላ መንገድ ይጀምራሉ። ቋጠሮ ተነሳ።

«ቁልፉን አምጣ» አለው አማቹን።

«አባባ፣ ገና ነው እኮ። ምሳ በልተን አይደል የምንጭነው?»

«አምጣ ብዬሃለሁ።»

መጀመሪያ ቡታጋዙን አወጣ። በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልሎ የመኪናው ዕቃ መጫኛ ጥግ ድረስ ገፋው። ድስቶቹን አጠገቡ፣ የቀረውን ሩዝ ድስቱ ውስጥ። በላዩ ሻንጣዎቹን፣ በሻንጣዎቹ ላይ ፎጣዎቹን። ልብስ የሚባል አላስቀረም። ሸራ አለበሰው። ከዚያ ገመዱን አመጣና፣ ጉልበቱን ሸራው ላይ ተክሎ፣ ድሮ ገደል ለገደል ለሚሄድ ጭነት እንደሚያስረው አሰረው። ሲጨርስ የራሱ ጫማ በር ላይ እንደቀረ አየ። ካልሲ ሳያደርግ ከቤት ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። ጫማውን አንስቶ ጥቂት አየው። ካልሲውን ውስጡ ጠቀጠቀና በሸራው ጥግ ሸጎጠው።

ሚስቱ የቀሚሷ ጠርዝ እርጥብ ሆኖ ስትመለስ ክፍሉ ባዶ ነው።

«ድስቱስ?» አለች።

«ተጭኗል።»

«እንዴት ተጭኗል? ምሳ ላበስል አይደል?»

«ከሁሉ በታች ነው።»

«ታዲያ አውጣልኛ!»

«ታስሯል። ያሰርኩትን ጭነት ቦታው ሳይደርስ አልፈታም።»

«አንተ ሰውዬ፣ አዙሮብሃል? ሕፃኗ ምን ትብላ?»

አማቹ ገመዱን ሳብ አድርጎ ሞከረው። «እማማ፣ አይልፉ። ይሄን ፍርድ ቤትም አይፈታውም።»

ልጅቱ አባቷን ከላይ እስከ ታች አየችው። እግሩ ላይ ዓይኗ ቆመ። ነጠላ ጫማ አድርጓል።

«አባዬ፣ ጫማህስ?»

«ተጭኗል።»

«የእኛስ ልብስ?»

«ተጭኗል።»

ልጅቱ ከንፈሯን ነክሳ ፊቷን አዞረች። ነገሩ ገብቷታል።

«ምግብ ቤት አለ» አለ ቋጠሮ፣ ማንንም ሳያይ። «ሁላችንም እንዲሁ ነን። እንዲሁ እንሄዳለን።»

ሚስቱ ነጠላ ጫማውን አየች፤ ከጫማው የሚወጣውን የነጣ እግሩን አየች። እሷ ያንን እግር ፀሐይ ላይ አይታው አታውቅም። አንድ ነገር ልትል ፈልጋ ነበር፤ ግን መጨቃጨቅም አቅም ይጠይቃል። ቀድማ መንገዱን ተሻገረች።

ምግብ ቤቱ ውስጥ እንደገባች ወደ ጓዳው በር የዞረውን ወንበር ያዘች። በሩ ሲከፈት እንፋሎት ይወጣል፣ ሰው ይጮኻል። ቋጠሮ ወንበሩን ከእነእሷ ለማዞር ሞከረ።

«ምን አድርጊ ትለኛለህ?»

«ወደ ውኃው ዙሪ። ጓዳ አይተሻል።»

ዞረች። መልሳ ተቀመጠችና ጠረጴዛውን በመዳፏ ጠረገች። ፍርፋሪ ሰብስባ የምታደርግበት ስታጣ እጇ ላይ ያዘችው። አስተናጋጇ መጣች።

«እማማ፣ ምን ልታዘዝ?»

ሚስት ልጇን አየች፤ ባሏን አየች። ይህን ጥያቄ ስትጠይቅ እንጂ ስትጠየቅ አልኖረችም።

«ያልቸገራችሁን» አለች።

«እማዬ! እዘዢ እንጂ።»

«እንግዲያው... ዓሣ። ጥብስ። ትልቁን።» ድምጿ መጨረሻ ላይ ጠንከር አለ።

ምግቡ ዘገየ። ነፋሱ ልከኛ ነው። ሕፃኗ ውኃ ስትደፋ ሚስት ብድግ ልትል ቃጣት፤ ቋጠሮ ክንዷን ያዘና «ተቀመጪ» አለ። አማቹ በጨርቅ ጠረገው። እሷ ወደ ኋላ ተደገፈች። እጇ ላይ የያዘችው ፍርፋሪ ቀስ በቀስ በጣቶቿ መሃል ወረደ። አንገቷ ዘመም አለ። ዓሣው ሲመጣ ተኝታለች።

«ልቀስቅሳት?» አለች ልጅቱ።

«ተዪአት።»

«ይቀዘቅዛል እኮ።»

«ይቀዝቅዝ።»

ባዶ ሳህን ስቦ የሚስቱን ሳህን ከደነላት። ሌሎቹ በሉ። እሱ የራሱን አልነካም። ዝንብ ፊቷ ላይ ሊያርፍ ሲል በእጁ እያባረረ፣ ውኃውን እያየ፣ ጠበቃት።

ስትነቃ፣ «ደረሰ?» አለች፣ ወጥ ቤቷ ውስጥ ያለች መስሏት። ከዚያ ባሕሩን አየች። የተከደነውን ሳህን አየች። «ማነው የከደነው?» ገለጠችው። ቆርሳ ቀመሰች። አላመጠች። ቀስ ብላ ዋጠች።

«ቀዝቅዟል» አለች። «ጨውም አንሶታል።»

ልጅቱ ደነገጠች። ቋጠሮ ተነሳ። ሌላ ጠረጴዛ ላይ የነበረውን ጨው በነጠላ ጫማው እየተንሸራተተ ሄዶ አመጣና ፊቷ አኖረላት። እሷ ግን ጨውን አልነካችም። እጇን አነሳች። ከፍ አድርጋ አይደለም፤ አስተናጋጇ ግን አየቻት።

«የኔ ልጅ፣ ቀዝቅዞብኛል። አሙቂልኝ።»

«እሺ እማማ፤ ይቅርታ።» አስተናጋጇ ሳህኑን አንስታ ሄደች።

ሚስት ዞር ብላ ሳህኑ በጓዳው በር እስኪገባ በዓይኗ ተከተለችው። ስንት ሳህን ነው እንዲህ ወደ እሷ ተመልሶ የመጣው። በሽተኛ ቀዘቀዘ ብሎ፣ በሽተኛ ጨው አነሰው ብሎ። አንዱንም ራሷ መልሳ አታውቅም ነበር።

«ሄደ» አለች።

«ሄደ» አለ ቋጠሮ።

«አንተ ቋጠሮ» አለች። «እቤት ስንገባ ቀሚሴን እለብሳለሁ። እዚያው ሠፈራችን ያለው ምግብ ቤት ትወስደኛለህ። ጫማህን አድርገህ።»

«እሺ።»

«ቡታጋዙንስ መቼ ልታወርደው ነው?»

«መጀመሪያ የገባ መጨረሻ ነው የሚወጣው» አለ።

አስተናጋጇ ሳህኑን ይዛ ከጓዳው ወጣች፤ እንፋሎቱ ከሩቅ ይታያል። ሚስት ልትቀበላት እጇን ዘርግታ ነበር። መሃል ላይ ተወችው። ሁለቱንም እጆቿን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና ለሳህኑ ቦታ ለቀቀች።