ጠማማዋ ፕሪንተር

ሰልሳቢል ቆራሌው ሳይመጣ ፕሪንተሯን ማሰራት አለባት። በቃ! ዛሬ የአባቷ ሱቅ ይለቀቃል፣ አሮጌ ዕቃ በሙሉ ለቆራሌው ይሰጣል ብላለች እናቷ ሰብሪያ።

ኮልፌ ውስጥ አባቷ ጋሽ ሀምዱ ጋ ጉርድ ፎቶ ያላወጣ ሰው ካለ እስቲ ይምጣና ያውራ! የተማሪው፣ የሹፌሩ፣ የሙሽራው፣ ሁሉም ፊት ከዚያች አሮጊት ፕሪንተር ሆድ ነው የወጣው። የራሱን ግን አንድም ቀን አላወጣም። "ነገ" ይላል። ሰው ሲበዛ "ነገ"፣ ሰው ሲጠፋም "ነገ"። ከዛ ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ልቡ ቀጥ አለችና ነገ የሚባለው ነገር አለቀ።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ሰልሳቢል ሳያስበው ያነሳችው አንድ ፎቶ አለ። ኮፍያውን ደፍቶ፣ በሳቅ ፍርፍር ብሎ። አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ከራሱ ማሽን እንዲወጣ ፈለገች።

"ዓለም ባንክ ሰፈር ሄደን እናሳትመው በቃ፣ ጥርት አድርገው ነው የሚሰሩት" አለቻት ጓደኛዋ ኤልሻዳይ።

"ወላሂ አልሄድም! እዚሁ ነው የሚወጣው።"

"እሺ ኢንጂነር፣ አትብዪኝ!"

ቁልፉን ተጫነችው። ፕሪንተሯ አቃሰተች፤ ቀለሙን የሚሸከመው ሳጥን ወደ ቀኝ ሮጠና መሃል ላይ ቀጥ። ቀቀቀቀቀ! ቀይ መብራት።

ነቅላ ሰካች። ቀቀቀቀ። ክዳኗን ከፍታ በስልኳ መብራት የተቀረቀረ ወረቀት ፈለገች፤ የለም። ጎማዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች። ሳጥኑ ቦታውን የሚያውቅባትን ቀጭን ላስቲክ አባቷ መነጽሩን በሚጠርግባት ጨርቅ ቀስ ብላ ወለወለች። ጨርቋ እሱን እሱን ትሸታለች፤ እንባዋ መጣ፣ ዋጠችው። ቀቀቀቀቀ!

"ጂን ሰፍሮባታል" አለች ኤልሻዳይ።

"ዝም በይልኝ!"

ሶኬቱን ነቀለችና ሳጥኑን በእጇ ገፋችው። ወደ ግራ ይሄዳል፣ ወደ ቀኝ ግግም። ምናልባት ስሯ የገባ ነገር አለ ብላ በግራ በኩል ብድግ ስታደርጋት ሳጥኑ ራሱ ሽው ብሎ ቀኝ ደረሰ። መልሳ አስቀመጠቻት፤ ግግም። አነሳቻት፤ ሽው።

ጎንበስ ብላ ግራ እግሯን አየች።

ካርቶኑ! ከፕሪንተሯ ግራ እግር ስር ሁሌ የታጠፈ የሻይ ቅጠል ካርቶን ነበር፣ በቀለምና በጣት አሻራ የጠቆረ። ደንበኞቹ "ጋሽ ሀምዱ፣ ፕሪንተርዎ እኮ ጠማማ ናት!" እያሉ ሲቀልዱበት "ወገቧን ያማታል፣ እንደኔ ትራስ ትፈልጋለች" ይላቸው ነበር። እሷ ደግሞ ቀልድ መስሏት! የለቅሶ ቀን ሱቁ ውስጥ ወንበር ሲደረደር፣ ሰው እንዳይታዘበን ብላ ስታጸዳ፣ ካርቶኑን አውጥታ ከቆሻሻ ጋር ጣለችው።

"እኔ ነኝ" አለች።

"ምኑ?"

"ያበላሸኋት እኔ ነኝ፣ ኤልሻ። መድኃኒቷን እኔ ነኝ የጣልኩት።"

ኤልሻዳይ ምንም አልቀለደችም። ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች፣ የካርቶን ሽፋኑን ቦጨቀችና ሰጠቻት። ሰልሳቢል አራት ቦታ አጥፋ ከግራ እግሯ ስር ወተፈችው። ሰካች። ተጫነች።

ሽው… ሽው… ሽው።

"እልልልል!" ኤልሻዳይ አቀለጠችው።

"ኧረ እናንተ ልጆች፣ ሐዘን ላይ ነን እኮ!" እያለች ሰብሪያ ከጓዳ ወጣች። ከዛ ወረቀቱን አየችና አፏን ያዘች።

ኮፍያው ወጣ። ግንባሩ ወጣ። አይኖቹ ወጡ፣ በሳቅ የጠበቡት። አፍንጫው ላይ ሲደርስ መልኩ ገረጣ፣ መስመር መስመር ሰራ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ። ሳጥኑ መመላለሱን አልተወም፤ ወረቀቱ ግን ነጭ ሆኖ ተጠቀለለና ወደቀ። ቀለም አልቋል። የዚህች ፕሪንተር ቀለም ደግሞ መርካቶም ከጠፋ ቆይቷል፤ የመጨረሻውን ያመጣው አባቷ ራሱ ነበር።

የሚስቅ አይን አለ። አፍ የለም።

ሰብሪያ ወረቀቱን አነሳችው። "ጀምሮ መተው ድሮም አመሉ ነው" አለች። "ሻዩንስ መቼ ጨርሶት ያውቃል?" ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና የልጇ ትከሻ ላይ ተደፋች።

"ቆራሌው! ቆራሌውውው!"

ሰልሳቢል እናቷን አየቻት። ሰብሪያ ራሷን ነቀነቀች። "ቀለም ከሌላት ምን እናደርጋታለን፣ ሆዴ? ቤት ውስጥ እኛም ተጣበን ነው ያለነው።"

ሰውየው ፕሪንተሯን ትከሻው ላይ አወጣት። አስፋልቱ ጋ ሳይደርስ ሰልሳቢል የታጠፈውን የደብተር ሽፋን ይዛ ሮጣ ደረሰችበት።

"ወንድሜ፣ ይሄን ካርቶን ከግራ እግሯ ስር ታደርጋለህ። ካለሱ አትሰራም፣ እሺ?"

"እህቴ፣ እኔ እኮ ለፕላስቲኩ ነው የወሰድኳት።"

"ቢሆንም" አለች።

ሰውየው የቀላ አይኗን አየ። ካርቶኑን ተቀብሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና "እሺ፣ በግራ በኩል" ብሏት ሄደ።