በስልክ ብዛት አንደኛ የወጣው በሽታ

መሥሪያ ቤታችን በየሳምንቱ ዓርብ ለበሽታዎች ደረጃ ያወጣል። አንደኛ የወጣው በሽታ ያለችንን አንዲት የክትባት መኪና ይወስዳል። ደረጃው የሚወጣው ሕዝቡ ስለየትኛው በሽታ ስንት ጊዜ ደወለ ተብሎ ነው። አለቃችን «ሕዝብ የሚያስፈራውን ራሱ ያውቃል» ባይ ናቸው። ስልኩን የማነሣውም፣ መዝገቡን የምሞላውም እኔ ነኝ። ስሕተት አልወድም።

ከባሕር ማዶ የተሰማው አዲስ ትኩሳት በአራት መቶ ዐሥራ ሁለት ስልክ ለአምስተኛ ሳምንት አንደኛ ወጣ። በሽታው አገር አልገባም፤ ወሬው ግን ገብቷል። ሳንባ ነቀርሳ ዘጠኝ ስልክ አገኘ፤ ስድስቱን የደወሉት ጎረቤታቸው የሳለባቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው። ኩፍኝ ሦስት። አንድ የኩፍኝ ሕመምተኛ ላልተከተቡ ዐሥራ ስምንት ሰዎች ሊያስተላልፍ እንደሚችል የሚናገር ወረቀት ጠረጴዛዬ ፊት ተለጥፏል፤ ወረቀት ግን ስልክ አይደውልም። ለአዲሱ ትኩሳት ክትባት ስላልተገኘ መኪናዋ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ባዶዋን ቆማለች። ሹፌሩ በማቀዝቀዣው የሚጠጣ ውሃ ያቀዘቅዝበታል።

ሰኞ ጠዋት ታናሽ እህቴ ደወለች።

«እታለም፣ ሚጢን አተኮሳት። ዓይኗ ቀላ፣ ፊቷን ሽፍታ ወረሰው።»

«አልተከተበችም እንዴ?»

«ባለፈው ወር ይመጣል ያላችሁት መኪና መች መጣ?»

አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጃት አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ የአዲሱን ሳምንት መዝገብ ስቤ ለኩፍኝ አንድ ጻፍኩ።

አለቃችን ቢሮ ገባሁ። «ጋሼ፣ የእህቴ ልጅ ናት። ሰፈሩ በሙሉ አልተከተበም። መኪናዋን ይላኩልኝ።»

«እግዜር ይማራት። ግን አንድ ስልክ ነው። ለዘመድ ብለን ደረጃ እንነካለን እንዴ?»

ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ።

ማታውኑ እህቴ ሰፈር ሄጄ ቤት ለቤት የስልካችንን ቁጥር አደልኩ። «ደውለን ምን እንበል?» አሉኝ እናቶቹ። «ኩፍኝ በሉ። ደግማችሁ ደጋግማችሁ በሉ።» በማግስቱ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ስልክ ሳነሣ ዋልኩ። አለቃችን መዝገቡን ሲያዩ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ኩፍኝ ገባ!» አሉ፣ ወጥቶ የሚያውቅ ይመስል። መኪናዋ ግን ዓርብን መጠበቅ ነበረባት።

ሚጢ ሐሙስ አረፈች። ዓርብ ኩፍኝ በአምስት መቶ ሰባት ስልክ አንደኛ ወጣ።

ቅዳሜ መኪናዋ ሰፈሩ ደረሰች። ሹፌሩ ሰልፉን አየና «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ። እውነቱን ነው። ስም የምመዘግበው እኔ ነበርኩ። እህቴ ታላቋን ልጇን ይዛ ተራዋን ጠብቃ ደረሰች።

«እታለም» አለችኝ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «እኔ ስንት ጊዜ ብደውል ነበር የሚመጣው?»

ቁጥሩን አውቀዋለሁ። ቀና ብዬ ሳላያት የልጅቷን እጅጌ ሰበሰብኩ።