ማጣበቂያው እስኪደርቅ

ጡረተኛው ሹፌር ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ቀኑን የሚገፋው አሮጌ መኪናውን በመነካካት ነበር። የዚያን ቀን ዳሽቦርዱ መሃል ያለውን፣ መዝጊያው የተሰበረውን የአየር ቀዳዳ በፋይበርግላስ ጨርቅና በማጣበቂያ ሊደፍን ተነሳ። ማጣበቂያውን ቀብቶ ጨርቁን ቢለጥፍ፣ አንዱን ጫፍ ሲይዝ ሌላው እየተነሳ አስቸገረው።

"ጎረቤት! እባክህ ድረስልኝ!" ብሎ ተጣራ።

ከሰላምታ አልፈው አውርተው የማያውቁት ልብስ ሰፊ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሮጦ መጣ። "ምነው፣ ምን ሆንክ?"

"ምንም አልሆንኩም፤ ይቺን ያዝልኝ።"

"እኔ ደግሞ የወደቅክ መስሎኝ ክው ብዬ!" ልብስ ሰፊው እየሳቀ አጠገቡ ተቀመጠ። እጁ እንዳይጣበቅ ጨርቁን በላስቲክ ተጭኖ ይዞ ስለ ጉልበቱ ሕመም፣ ስለ ደንበኞቹ ጭቅጭቅ ያወራው ጀመር።

"አልደረቀም እንዴ?" አለ ቆይቶ።

ከደረቀ ቆይቷል። "ገና ነው" አለ ሹፌሩ።

በመጨረሻ ልብስ ሰፊው ሊሄድ ሲነሳ፣ "ነገ ደግሞ በግራ በኩል ያለው ቀዳዳ አለ፤ ትመጣለህ?" ሲል ሹፌሩ ጠየቀው።

"እመጣለሁ፤ ምን ችግር አለ።"

ሹፌሩ ብቻውን ሲቀር ወደ ግራው ቀዳዳ እጁን ዘረጋ። መዝጊያው ደህና ነበር፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ጎትቶ ነቀለውና ኪሱ ከተተው።