የአባቴ ጎተራ አይጦች

እኔ ቱግ ማለት ይቀናኛል፤ ይህን ላብራቶሪ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። ያን ሰሞን ግን ሳቂታ ሆንሽ ይሉኝ ነበር። ለምን አልስቅ? የሜዳ አይጥ ሳሳድድ ከርሜ፣ ሆዳቸው በትል ተወርሮ ከማየት በቀር ምንም ሳላገኝ፣ በመጨረሻ የአባቴ ጎተራ አይጦች ንጹሕ ሆነው ተገኙ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳንድ የዱር አይጥ አለ፣ ማንም ሳያክመው ሰውነቱ ራሱ ትሉን ታግሎ የሚያስወጣ። እንዲህ ያሉትን ማግኘት ነበረብኝ። ካላገኘሁ ጥናቱ ይዘጋል፣ እኔም እሰናበታለሁ። የጎተራውን አይጦች ጆሯቸው ላይ ምልክት አድርጌ እለቃቸዋለሁ፣ መልሼ እይዛቸዋለሁ፣ ዓይነ ምድራቸውን በማይክሮስኮፕ አያለሁ። መጀመሪያ የትል እንቁላል በሽ ነበር። በኋላ ድራሹ ጠፋ።

ፕሮፌሰሩ ደጋግመው አዩት። "መድኃኒት አልነካቸውም? እርግጠኛ ነሽ?"

"የሚጠብቃቸው አባቴ ነው" አልኩ።

"የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ" ብለው ሳቁ፤ ግን አመኑኝ። በማግስቱ አይጦቹን እንዳመጣ፣ ጥናቱን ሊያዩ ለሚመጡት እንግዶችም ራሴ እንዳስረዳ ነገሩኝ። ከደስታዬ ብዛት ምሳ መብላት ረሳሁ።

ከሰዓት በኋላ ወጥመዶቼን ይዤ ከከተማው ዳር ወዳለው የአባቴ ቤት ሄድኩ። አባቴ ጥቂት በጎች ያረባል። ዕድሜውን ሙሉ አይጥ በመርዝ ሲፈጅ የኖረ ሰው፣ ለእኔ ሲል መርዙን ጥሎ ጎተራውን ይጠብቅልኝ ጀመር። አይጦቹን የማባብልበትን የኦቾሎኒ ቅቤ በየቦታው የሚያኖረውም እሱ ነው። "ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ፤ እስቲ እናያለን" እያልኩ እቀልድበት ነበር።

ጎተራው ውስጥ የቅቤውን ቆርቆሮ ስከፍት ሽታው አላማረኝም። ከጎኑ የበጎቹ የትል መድኃኒት ጠርሙስ ቆሟል፤ አንገቱ ላይ የኦቾሎኒ ቅቤ ተለድፎበታል። ማንኪያውም እዚያው ነው። ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ።

አባቴ በጎቹን አስገብቶ መጣ። "ምነው ልጄ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?"

"አባዬ፣ ይሄን መድኃኒት ምን ውስጥ ነው የምትጨምረው?"

"አየሽብኝ?" እንደ ማፈር አለና ፈገግ አለ። "ያኔ እዚህ ቁጭ ብለሽ ስታለቅሺ አላስችል ብሎኝ ነው። 'አንድ እንኳ ከትል የጸዳ የለም' አልሽ። ለበግ የሆነ ለአይጥ ምን ያንሰዋል ብዬ በትንሽ በትንሹ ጨመርኩላቸው። በስተርጅና አይጥ አስታማሚ አደረግሽኝ።"

ጩኺ ጩኺ አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ጎተራውን በላዩ ላይ አፈርሰው ነበር።

"ተሻላቸው አይደል?" አለኝ።

"ተሻላቸው።"

ስልኬ ጠራ። ፕሮፌሰሩ ናቸው። ወደ ደጅ ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር አባቴ ማንኪያውን በጨርቅ ሲወለውል ይታየኛል።

"ነገ እንዳትዘገዪ" አሉኝ።

"አይጦቹ የትል መድኃኒት በልተዋል ፕሮፌሰር። ነገ የማሳየው ነገር የለኝም።"

"ማን ሰጣቸው?" አሉ።

እውነቱን ብናገር ሰው ልከው ይጠይቁታል። ያኔ የልጁን ልፋት በገዛ ማንኪያው ገደል እንደከተተው ያውቃል። እኔ ሌላ ሥራ ባገኝ ባላገኝ፣ እሱ ግን ይህን ይዞ እንዲሞት አልፈልግም።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ነገ የላብራቶሪውን ቁልፍ ለጸሐፊዋ አስረክቢ" አሉና ዘጉት።

ፊቴን በእጄ ጠርጌ ተመለስኩ።

"ምን አሉ ሰውየው?" አለ አባቴ።

"ደስ ብሏቸዋል።"

"እንዴት አይላቸው" አለ። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው። "እያለቀ ነው። ነገ ስትመጪ ሌላ ያዢልኝ፤ ገና ያልዳኑ አይጠፉም።"

"እሺ አባዬ" አልኩት።