የቡሩልቻ ድርቆሽና የተራራ ፍየሎቹ

በዚያ ዓመት በረዶው የመጣው ጥቅምት ሳይጋመስ ነው። የመጀመሪያው ቀን ለስላሳ ሆኖ እስከ ጉልበት ወረደ። በማግስቱ ዝናብ ዘነበበት። በሦስተኛው ቀን ውርጩ መጥቶ ሁሉንም የበረዶ ቅርፊት አደረገው። ከአት-ባሺ መንደር በላይ ባለው ሸለቆ ሣር የሚባል ነገር ከቅርፊቱ ሥር ተቀብሮ ቀረ፤ የተራራ ፍየሎቹም ከገደሉ ወረዱ። የወረዱት ቀጥታ የሣር ድርቆሽ ወደ ተከመረበት የቡሩልቻ ጓሮ ነበር።

ያን ድርቆሽ በሙቀቱ ወራት አጭዳ፣ እያገላበጠች አድርቃ፣ በጀርባዋ ተሸክማ የከመረችው ቡሩልቻ ራሷ ናት፤ በሃምሳ አምስት ዓመቷ። ባሏ ቃዲርቤክ የፓርክ ጠባቂ ስለሆነ በአጨዳ ሰሞን ሁልጊዜ ተራራ ላይ ነው። ክምሩ አንዲት ላምና አሥራ አራት በጎች እየቀለበ እስከ ሚያዝያ መዝለቅ ነበረበት።

ቃዲርቤክ ግን ፍየሎቹን ሲያይ ሻዩን እንኳን ሳይጨርስ አቅርቦ ማያ መነጽሩን ይዞ ወጣ።

«ሃያ ሦስት ናቸው» አላት ሲመለስ። «ስድስቱ የዘንድሮ ግልገሎች ናቸው። እንዲህ ቀርበው አይቼ አላውቅም።»

«እኔ ደግሞ ድርቆሼ በአንድ ጠዋት እንዲህ ሲጎድል አይቼ አላውቅም። ሂድና አባርልኝ።»

«በዚህ ቅርፊት ላይ ካስሮጥኳቸው እግራቸው ይሰበራል። ደግሞ ሥራዬ እነሱን መጠበቅ ነው፣ ቡሩልቻ።»

«እኔንስ ማን ይጠብቀኝ?»

ቃዲርቤክ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ቁጥሩን ጻፈ።

እሷ ድስት ይዛ ወጥታ ቀጠቀጠች። ፍየሎቹ ቀና ብለው አይተዋት ማኘካቸውን ቀጠሉ። ውሻውን ለቀቀችባቸው፤ አሽትቷቸው ሲያበቃ ፀሐይ ያለበት ቦታ ፈልጎ ተኛ። ጎረቤታቸው ሽማግሌው ሞልዶኩል አሮጌ ኮት በእንጨት ላይ ስቀይ ብለው መከሯት። ሰቀለች። በማግስቱ አንዲት እናት ፍየል ጎኗን ስታክበት አገኘቻት። ሄዳ ስትነግራቸው ሽማግሌው አልገረማቸውም።

«የማን ኮት ነው የሰቀልሽው?»

«የቃዲርቤክ።»

«በይ እንግዲህ። እሱንማ ያውቁታል፣ ልጄ።»

ሳቃቸውን እየሰማች ተመለሰች። ቀኑን ሙሉ ከአሮጌው በረት ሽቦ ስትነቅል ዋለችና ክምሩን ዙሪያውን አጠረችው። ቃዲርቤክ ፍየሎቹን እንዳትነካካ ብቻ አደራ ብሏት፣ የላይኛውን ሸለቆ ፍየሎች ሊቆጥር ለሁለት ቀን ወጣ።

እሱ በሄደ ማግስት እኩለ ቀን ላይ ቀንድ ከቀንድ ሲጋጭ ሰማች። ሁለት ወጠጤዎች ለሴት ሲጣሉ አንደኛው አጥሩ ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ስትወጣ ሽቦው በቀንዱና በአንገቱ ተጠምጥሞ፣ ምላሱ ወጥቶ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ አገኘችው። ጥጃ ያክላል። ቆማ አየችው። እዚያው ይቅር የሚል ሐሳብ በልቧ አልፎ ነበር። ግን አጥሩ የእሷ ነው። ባሏን እየረገመች ፒንሳና የበግ ቆዳ ካፖርቷን ይዛ ተመለሰች።

ካፖርቷን ፊቱ ላይ ጣለችበት። ዓይኑ ሲሸፈን መታገሉን ተወ። አጠገቡ ተንበርክካ ሽቦውን መቁረጥ ጀመረች።

«ያንተን ድርሻ በልተህ የለም ወይ» አለችው። «ደግሞ ምን ቀርቶህ ነው የምትጣላው? ዝም በል አሁን።»

ሦስተኛው ሽቦ ሲበጠስ ወጠጤው ተስፈንጥሮ ተነሣ፣ በግራ እግሯ ላይ ቆመ፣ ከዚያም ካፖርቷን በቀንዱ እንዳንጠለጠለ ወደ ገደሉ ሸሸ። ቡሩልቻ በረዶው ላይ ተቀምጣ ቀረች። የእግሯ አውራ ጣት ተሰብሮ ነበር።

ቃዲርቤክ በማግስቱ ፊቱ በርቶ ገባ። ዓለቱ ላይ ካፖርት የለበሰ ወጠጤ በመነጽር አይቻለሁ፣ ቢነገረኝ አላምንም ነበር እያለ ጫማውን ሲያወልቅ እግሯን አየ። በጨርቅ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ነበር። አንዱን ጫማ እንዳጠለቀ አጠገቧ ተቀመጠ። ከዚያ ምን እንደ ሆነች ጠየቃት፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው።

«ጋራዡን ክፈት» አለችው ስትጨርስ።

ጋራዡ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሚጠግናት ጂፕ ነበረች።

«በረዶ ላይ ካደረች ትዝጋለች።»

«ትዛግ።»

ከሞልዶኩል ጋር ገፍተው አወጧት። ቃዲርቤክ እስኪመሽ ድረስ ድርቆሹን በሹካ እያነሣ ወደ ጋራዡ አጋዘ፤ እሷ በር ላይ ወንበር አስወጥታ፣ ጥግ ጥጉን አትተው፣ ጠቅጥቀው እያለች አዘዘችው። ፍየሎቹ ከአጥሩ ወዲያ ቆመው አዩ። መሬት ላይ የቀረውን ብናኝ ለቅመው ሲያበቁ፣ በአምስተኛው ቀን ሞቅ ያለ ነፋስ ነፍሶ በፀሐይ መውጫ በኩል ያለውን ቁልቁለት ከበረዶው አጸዳው። እነሱም ወደዚያ ወጡ።

ጣቷ እስኪድን ሦስት ሳምንት ላሟንም በጎቹንም ያበላው ቃዲርቤክ ነው። እጁ አይመጥንም፤ ለአንድ ቀን የሚበቃውን በአንድ ጊዜ ይደፋል። ቡሩልቻ በመስኮት እያየች በየጠዋቱ መስታወቱን ታንኳኳለች፤ እሱም ግማሹን መልሶ ያነሣል።